የዜማ ሸክላ

ማኅሌት ያን ዘፈን የሰማችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ በሰባት ዓመቷ፣ ከሬዲዮ። አባቷ መሪጌታ ገድሉ ከመደቡ ብድግ ብለው ሬዲዮኑን ዘጉና ወደ ደጅ ወጡ። ዘፈኑ ሳያልቅ ቀረ።

ከጆሮዋ ግን አልወጣም። ሠላሳ ዓመት ያንጎራጎረችለት ሰው ሁሉ «አላውቀውም» ይላታል። በዚህ ጥቅምት፣ ፋሲሎ ሰፈር ባለው ቢሮዋ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን ስትነካካ፣ አንድ ሸክላ ሰብሳቢ የለቀቀውን አሮጌ ዘፈን ሰማች። እሱው ነው። ቀጭን፣ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ድምፅ። ሸክላው ላይ «ዜማ» ከሚል ስምና ከ1966 ዓ.ም. በቀር ምንም የለም፤ ፎቶም የላትም። ሰብሳቢው ከሥር «ከዚህ ሌላ አልዘፈነችም። ሳክስፎን የተጫወቱት አምባቸው ዛሬም ዓባይ ማዶ ይኖራሉ» ብሎ ጽፏል።

ቤት ገብታ «ዜማ የምትባል ዘፋኝ ናት» ብላ ለእናቷ ለእናትዓለም ከፈተችላቸው። እናትዓለም የሚለቅሙትን ምስር አስቀመጡ።

«ይቺን ሴት የት አገኘሻት?»

«ታውቂያታለሽ እማዬ?»

«በሙሽርነቴ ሸክላዋን ከአባትሽ ሣጥን፣ ከድጓቸው ሥር አገኘሁት። ማን ናት ብላቸው ፊታቸው ደም መሰለ። አትጠይቂኝ አሉኝ። ይኸው አርባ ዓመት ከሷ ጋር ኖርሁ።» ምስሩን መልሰው ሳቡት። «የሰው ባል አጠገብ አልሞትም።»

እናቷ ከጣና ገዳማት ወደ አንዱ ገብቼ ልመንኩስ ማለት ከጀመሩ ወር ሆኗቸዋል። ማኅሌት ምክንያቱን የሰማችው ገና አሁን ነው።

መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ እስኪያስደግፉ ታገሠች።

«አባዬ፣ ዜማ ማን ናት?»

እጃቸው ወደ አንገታቸው፣ ወደ ማተባቸው ሄደ። «ሞታለች።»

«መቼ?»

«በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት። በአንድ ክረምት አለቀላት።»

«የትስ ተቀበረች?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ገቡ። ማኅሌት አባቷ ሲዋሹ ስታይ የመጀመሪያዋ መሰላት።

በማግስቱ ቅዳሜ «ሰው እንጠይቅ» ብላ ሁለቱንም ባጃጅ ላይ አሳፈረቻቸው። ዓባይ ማዶ፣ አንድ የቆርቆሮ በር አንኳኩታ «የአቶ አምባቸው ቤት ነው?» ስትል መሪጌታ ባሉበት ቀጥ አሉ። ጥምጥማቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አደረጉ።

«እኔ እዚሁ ልጠብቃችሁ።»

«ይግቡ» አሉ እናትዓለም። «ዛሬስ አብረን እንሰማለን።»

አቶ አምባቸው ሰማንያ የሚጠጉ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። ማኅሌት ዘፈኑን ከፈተችላቸው። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይጫወቱ ጀመር።

«ዜማን ፈልገን ነው የመጣነው» አለች። «ባል ነበራት? በሕይወት አለች ወይ?»

እናትዓለም የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ያዙ። መሪጌታ በሩ ሥር ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ።

አቶ አምባቸው መነጽራቸውን አደረጉ። እናትየዋን አዩ፤ ልጅቱን አዩ፤ በሩ ሥር የቆሙትን ሰው ግን ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ዜማ» አሉ፣ እጃቸውን ለመሪጌታ ገድሉ እየዘረጉ፤ «የልጅነት ድምፅህ ከጎረነነ ወዲህ እኮ ዓይንህን አላየሁም።»