ትልቁ ባትሪ

«እህቴ፣ ትንሹን አትውሰጂ፤ አይችልም» አለኝ ባትሪ ሻጩ፣ የእናቴን የኤሌክትሪክ ዊልቸር አሮጌ ባትሪ መለኪያው ላይ እያየ። ዘንድሮ ስንገዛ ይኼ ሦስተኛ ባትሪያችን ነው።

«እንዴት አይችልም? እናቴ እኮ አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው፤ አርባ ኪሎ አትሞላም። ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋዋ፤ በቃ።»

«ባትሪ በሦስት ወር እንዲህ ሲደክም ያየሁት ዊልቸሩ ሁለት ሰው ሲጭን ነው።»

«ከኔና ከሷ በቀር ቤቱ ውስጥ ማን አለ ብለህ ነው?» ብዬ ሳቅኩበት። ቢሆንም ትልቁን ገዛሁ፤ መመላለሱ ሰልችቶኛል።

ቤት ስገባ እናቴ ዊልቸሩ ላይ ወደ ቀኝ ጠርዝ ተጣብቃ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ መሃል ላይ ተቀመጪ እንጂ፤ ትወድቂያለሽ።»

«ቦታ ቢኖር ጠልቼ ነው?» አለች ተቆጥታ። ባትሪውን አየችው። «ይኼም አይዘልቅም። እሱ እንደሆነ ቀን በቀን እየከበደ ነው።»

ባትሪውን ልገጥም እናቴን አቅፌ አልጋዋ ላይ አስተኛኋት፤ ክብደት የላትም። ዞር ስል፣ እሷ የተነሳችበት የመቀመጫው ስፖንጅ ጠርዝ ቀስ እያለ ተነፍቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። መሃሉ ግን እንደጎደጎደ ነበር። ከዚያ እያየሁት፣ ሰው ተመቻችቶ ሲቀመጥ እንደሚሆነው፣ ትንሽ ወደ ታች ሰመጠ።