በሙሚና ዓይን

ባሕሩ አፋር ድረስ ከገባ ወዲህ ጎብኚው ከቤቱ ሳይነሳ የባሕር ዳርቻውንና ሸለቆውን የሚያየው በአስጎብኚዋ በሙሚና ዓይን ነበር። ዓይኗ ውስጥ በተገጠመው ሌንስ እሷ ያየችውን ሁሉ ያያል፤ ድምፁም በጆሮዋ ይሰማታል። ስለዚህ ለምሳ ቤት ስትገባ ባሏ ሀንፈሬ ጸጉሩን አበጥሮ፣ የሰርጉን ሸሚዝ ለብሶ ይጠብቃታል።

"ዛሬ የሚያዩን ስንት ናቸው?" አላት በሹክሹክታ።

"አርባ። ፈገግ በል።"

"ለብቻሽ ያየሽኝ ግን መቼ ነው?"

ወዲያው አንዲት ጎብኚ በሙሚና ጆሮ፣ "ሸለቆው ይቅርብን፣ እሱን አሳዪን!" አለቻት። ሌሎቹም ደገፏት።

ሙሚናን ቅናት ሽው አለባት። ዓይኖቿን ጭፍን አደረገች።

"ኧረ ጨለመ!" ብለው ጎብኚዎቹ ተንጫጩ።

እሷ ግን እየሳቀች በዳበሳ ሄዳ የባሏን ጉንጭ ያዘች።

"ውይ! ጺምህስ?"

"መላጨት ከጀመርኩ እኮ ከረመዳን በፊት ነው፤ ይኸው ረመዳን ካለፈ ስንት ጊዜው!" አላት።