ጠመኔ የያዘችው ሴት

«እማዬ፣ በሥዕል ትቀኛለሽ እንዴ?» አለችኝ ልጄ ዕፀገነት እየሳቀች። 

ዓመቱ 1991 ነበር። ከገርጂ ቦሌ ቢሮዋ ድረስ ምሳ አደርስላታለሁ። እሷ ለጎልማሶች ትምህርት የኢንተርኔት ገጽ ትሠራለች። በነጻ ባገኘችው የኮምፒውተር ፕሮግራም አሥራ ሁለት ሥዕል ሣለች፤ ሥዕሎቹ ሲከታተሉ እኔን የምትመስል ሻሽ ያሰረች ሴት በጠመኔ «ሀ» ትጽፋለች። ጨርሳ እንደገና ትጀምራለች። የሴትዮዋ እጅ ሲጣመም ልጄ ሳትሰለች ታቃናላታለች። እኔን ግን ማታ ፊደል የምለማመድበትን ደብተሬን አይታ «አንድ ፊደል ስንት ቀን ይፈጅብሻል?» ትለኛለች።

አንድ ቀን ከልጄ ጎን ተቀምጬ ሥዕሉን ሳይ፣ ሴትዮዋ መጻፏን አቁማ ወደ እኔ ዞረች።

«ደግሞ ፊት ማዞርም አስተማርሻት?»

«ኧረ እማዬ! ከእጇ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የላትም።»

ልጄ ቦርሳዋን አነሳች። «በይ ተነሺ፣ ታክሲ ላሳፍርሽ» አለች።

ልነሳ ስል እጄ ጠመኔ ጨብጧል። ከኮምፒውተሩ መስታወት ወዲያ፣ ሻሽ ያሰረችው ሴት የምሳ ዕቃዬን አንጠልጥላ የልጄን ክንድ ያዘች። ሁለቱ ተያይዘው ወጡ። እኔ ቀረሁ።