ማሽን ሰው አይመርጥም

ፀጉር አስተካካዩ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የገዛው በእናቱና በሚስቱ መካከል ሰላም ይወርዳል ብሎ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች የማይጣሉበት ነገር አልነበረም። በጨው ይጣላሉ፣ በመጋረጃ ይጣላሉ፣ በሎሚ ሳይቀር ይጣላሉ። «በዚህ ቤት ሎሚ የሚያልቀው በማን ምክንያት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን!» ትላለች እናት። ሚስት መዝገብ ቤት ስትፈርምና ማኅተም ስታደርግ ውላ ደክሟት ስለምትመጣ ቀጥታ መኝታ ቤቷ ትገባለች። ከሁሉም የባሰው ግን የልብሱ ነገር ነበር። እናቱ በእጇ ካላጠበች አይሆንላትም። «አንቺ ስታጥቢ ልብሱ ይረጥባል እንጂ አይጠራም» ብላ ከምራቷ እጅ ሳፋውን ትቀማለች።

ማሽኑ የመጣ ዕለት እናቱ ሦስት ጊዜ ዞረችው።

«እንግዲህ ይሄ ካለላችሁ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለች። «እህትህ ጋ እሄዳለሁ።»

ልጇ ለመናት፣ ተቆጣት፣ መልሶ ለመናት። ወይ ፍንክች! ሻንጣዋን ከአልጋዋ ሥር ጎትታ አወጣች። ሚስቱ ደግሞ ሰሃኖቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ደስታዋን ልትደብቅ ነው፣ ብሎ አሰበ፤ አንጀቱም አረረ። እናቱ የሌለችበት ቤት ለሱ ቤት አይመስለውም።

በማግስቱ የሚስቱ ነጭ ሸሚዝ ከማሽኑ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ለብሶ ወጣ።

«ኧረ ጉድ!» አለች እናት ወገቧን ይዛ። «እናንተን ለዚህ ጉድ ጥዬ የት እሄዳለሁ? እስኪሠራ ልቆይ።»

ሻንጣው ወደ ቦታው ተመለሰ። በሳምንቱ እንደገና ሲወጣ የሚስቱ ቢጫ ቀሚስ ተበላሸ። ቀጥሎ ጉርዷ። በመጨረሻ እናቱ ሰለቻት።

«ቅዳሜ ጠጋኝ ይምጣ፤ ከተሠራም እሁድ መንገዴን እጀምራለሁ፤ አለቀ» አለች።

«ይምጣ» አለች ሚስት፣ ቀና ሳትል።

ቅዳሜ ጠዋት ጠጋኙ መጡ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ ማሽንን እንደ በሽተኛ የሚያናግሩ ሽማግሌ ናቸው። «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» ብለው የበሩን ጎማ ገለጡ፤ ንጹሕ ነው። ማጣሪያውን ፈቱ፤ አንድ ቁልፍና ሁለት የፀጉር መርፌ ብቻ። የሳሙናውን መሳቢያ በገዛ መሐረባቸው ጠረጉት፤ መሐረቡ እንደነበረ ነው። በመጨረሻ አሮጌ ነጭ አንሶላ ብቻውን ከተው አሽከረከሩ። አንሶላው ወተት መስሎ ወጣ።

«ማሽንህ ጤነኛ ነው» አሉ። «የተበላሸው የማን ልብስ ነው?»

«የሚስቴ።»

«ያንተስ?»

«ኧረ የለም።»

«የእናትህስ?»

«አንድም ቀን!»

ጠጋኙ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «ልጄ፣ እኔ በዚህ ሥራ ሸብቻለሁ። ማሽን ሰው አይመርጥም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ በዚህ ቤት ወይን ጠጅ ነገር ያለው ማነው?»

ለፀጉር አስተካካዩ ብልጭ አለለት። ከወር በፊት ለእናቱ እግር ሐኪም ያዘዘው ወይን ጠጅ የሚቀባ መድኃኒት! ራሱ ነው ገዝቶ ያመጣላት። ጠርሙሱ አልጋዋ ሥር፣ ከሻንጣዋ ጎን ነው ያለው። ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን ያዘ። አቤት እናቱ! መሄድ አልፈለገችም፤ አልሄድም ማለት ደግሞ ኩራቷን ይነካባታል። ደስታው ግን ወዲያው በረደ። ሚስቱ ይህን ከሰማች እናቱን በዚያው ቀን ነው የምትሸኛት።

«ጋሼ» አለ እጃቸውን ይዞ፣ «እባክዎን፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ይበሉልኝ።»

«እኔ ልዋሽ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«አንዴ ብቻ!»

«አንዴ ከሆነስ» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሴቶቹ ተጠሩ። ሚስቱ ከጠዋት ጀምሮ ከመኝታ ቤት አልወጣችም ነበር፤ አሁን እጇን በፎጣ ጠቅልላ መጣች። ጠጋኙ ውሸቱን አንዴ ከጀመሩት ወዲያ ማቆሚያ አጡለት። «ይህ ማሽን አይድንም» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ሆዱ ውስጥ ያለው በሽታ ወደ ጎረቤት ማሽንም ይዛመታል!»

«ይውሰዱት!» አለች ሚስት ቶሎ ብላ። «ዓይኔ እንዳያየው!»

እናቱ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ያው በእጄ ላጥብ ነው» አለች። እያጉረመረመች ሳፋዋን ፍለጋ ሄደች፤ ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ ፈክቷል።

ጠጋኙ ማሽኑን በጋሪ አስጭነው እንደሄዱ ፀጉር አስተካካዩ ወደ እናቱ ክፍል ሹልክ አለ። ሚስቱ ሳታየው ጠርሙሱን ሊያጠፋው ነው። ተንበርክኮ ከሻንጣው ጎን አወጣው።

የክዳኑ ማሸጊያ አልተቀደደም። መድኃኒቱ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።

እዚያው እንደተንበረከከ የእናቱ ንጭንጭ ከወጥ ቤት ተሰማው፦

«በሥራ ቀንስ እሺ፣ የማኅተም ቀለም ነው ብለሽኝ ሎሚ በሎሚ ላይ እየጨረስኩ ጣትሽን አሽልሻለሁ፤ ዛሬ ቅዳሜ ምን ስታትሚ ውለሽ ነው ጣትሽ ሁሉ ወይን ጠጅ የሆነው?»