የሚጣፍጥ ነገር ስጪያት

ርብቃ የሊዲያን አንገት በክንዷ ደግፋ ሁለተኛውን ኩባያ ሻይ በማንኪያ ታጠጣታለች። ከአምስት ዓመቷ ልጅ ግንባር ላይ ላብ ኩልል ብሎ ይወርዳል፤ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ።

“ይጣፍጣል?” አለቻት በሀዲይኛ።

“በጣም” አለች ሊዲያ፣ ምላሷ እየተሳሰረ።

ርብቃ ትንፋሿ መለስ አለላት። ልጅቷ የስኳር በሽታ እንዳለባት የተነገራቸው ዕለት ነርሷ “መርፌዋን ተወግታ ምግብ እምቢ ካለች፣ ላብ ካጠመቃት፣ ቶሎ ብለሽ የሚጣፍጥ ነገር ስጪያት” ብላ አጥብቃ መክራታለች። ዛሬ ሊዲያ መርፌዋን ተወጋች፤ ቂንጬዋን ግን አልበላም ብላ ገፋችው።

ስኳር ከዚያ ቤት ከወጣ ወራት አልፈዋል። ርብቃ ናት ለልጇ ብላ ያወጣችው። በምትኩ ሱቅ ሄዳ ለስኳር ሕመምተኞች የሚሸጠውን ማጣፈጫ ገዛች፤ ምስር የምታክል ነጭ እንክብል ናት፣ አንዷ ሙሉ ኩባያ ታጣፍጣለች። ሊዲያ መጀመሪያ የቀመሰች ቀን “ስኳር ተመለሰ!” ብላ አጨብጭባለች። ዛሬ ርብቃ እንዳያንሳት ፈርታ ስድስት ከተተችበት።

ኩባያው ሲያልቅ ልጅቷ ዓይኗን ከደነች።

“ተመስገን ጌታዬ፣ ተኛችልኝ።” ጋቢ ደረበችላትና ወደ ልብስ ስፌቷ ዞረች።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ዘርትሁን ለማስጠበብ ቀሚስ ይዘው ሲገቡ ግን ዓይናቸው ቀድሞ ያረፈው አልጋው ላይ ነው።

“ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንዲህ የምታንኮራፋው?”

“አልቧት ነበር፣ እትዬ። ጣፋጭ ሻይ ሰጠኋትና ተኛች።”

“በምን አጣፈጥሽው?”

ርብቃ የእንክብሉን ዕቃ አሳየቻቸው። ወይዘሮ ዘርትሁን ባላቸውን በዚሁ በሽታ ዓመታት አስታመዋል። ቀሚሱ ከእጃቸው ወደቀ።

“በስመአብ! ይሄ እኮ ስኳር አይደለም! አፏን ነው የሚሸነግላት፤ በመርፌው ከደሟ የወረደውን ስኳር አይመልስላትም!”

“ይጣፍጣል እኮ” አለች ርብቃ። “እሷው ራሷ ይጣፍጣል አለችኝ እኮ!”

ብትጠራት፣ ብትነቀንቃት፣ ጉንጯን መታ መታ ብታደርጋት ሊዲያ አልነቃችም። ወይዘሮ ዘርትሁን ሮጠው ከቤታቸው ስኳር አመጡ። በሩ ላይ ያገኙትን ባጃጅ አስቁመው ሦስቱም ገቡ።

ባጃጁ የሆስፒታሉን አቀበት እየተንገጫገጨ ይወጣል። ርብቃ ልጇን ታቅፋ፣ የገጠመውን ጥርሷን በጣቷ አላቅቃ፣ ስኳሩን በድዷና በጉንጯ ውስጥ ታሻለች።

“ላሺው፣ ሊዲዬ። ይሄኛው እውነተኛው ነው። ላሺው።” በሀዲይኛ አለቻት፤ ደግሞ በአማርኛ።

የልጅቷን እግሮች ይዘው ያሹ የነበሩት ወይዘሮ ዘርትሁን ማሸታቸውን ተዉ። መዳፋቸውን አፍንጫዋ ላይ ቢይዙ ትንፋሽ አጡና ወደ ሹፌሩ ጠጋ አሉ።

“ቀስ በል፣ ልጄ።”

“ኧረ ይፍጠን! ለምንድነው ቀስ የሚለው?” ብላ ጮኸች ርብቃ።

ጎንበስ ብላ የልጇን ከንፈር ገለጥ አደረገች። ስኳሩ እንዳኖረችው አለ፤ ደረቅ፣ ነጭ፣ አንዲት ቅንጣት እንኳ ሳትሟሟ።