የጫማው ማሰሪያ

ከውድድሩ መቶ ኪሎ ሜትር ሰማንያውን ሮጣ እስራኤል ውስጥ ካለችው ገዴራ ከተማ ስትደርስ ቀኝ እግሯ አብጦ ጫማው ጠቧት ነበር። ሯጮች በሰዓቱ ካላለፉ ከውድድሩ የሚወጡበት ጣቢያ ሊዘጋ የቀረው አራት ደቂቃ ነው። ውሃ ይዞ ሲጠብቃት የነበረው አባቷ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ተንበርክኮ የቀኝ ጫማዋን ማሰሪያ ያዘ።

«ያላ አባ፣ ቶሎ በል፣ ጠበቅ አድርገህ እሰርልኝ። ቀጣዩ ከተማ ያቭነ ቅርብ ነው።»

ጣቶቹ ግን ማሰሪያውን ይፈቱ ነበር። እጁን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። «አንተ ወደዚህ አገር ለመምጣት ሱዳን ድረስ በእግርህ ሄደህ የለም እንዴ? መች አቋረጥህ?»

ቀና ሳይል መለሰላት። «የደረስኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። በመጀመሪያው እግሬ አብጦ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ባልመለስ ኖሮ በረሃ በልቶኝ ነበር።»

ይህን ነግሯት አያውቅም። ዳኛው ሰዓቱን አይቶ «አንድ ደቂቃ» አለ። እሷም የአባቷን እጅ ለቀቀችና የግራውንም ጫማ እንዲፈታላት እግሯን ዘረጋችለት።