የሉሊት ሙያ

የትምወርቅ ንፍሮ ይዛልኝ ትመጣለች። ልጇን ሉሊትን ትናንት የቀበረች ሴት ከመደቡ ተነስታ፣ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች፣ ሰሃኑን በሁለት እጇ ይዛ «ብዪ እንጂ በለጡ፣ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም» ትለኛለች። እቀበላታለሁ። ዓይኗን አያለሁ፤ ደረቅ ነው።

ጉሙ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ የመካነ ሰላምን መንገድ ውጦታል። በሩ ክፍት ስለሆነ እቤትም ገብቷል። ለቀስተኞቹ ሴቶች ነጭ በነጭ ሆነው ተቀምጠዋል፤ የማን ጉልበት የት እንደሚያልቅ፣ የማን ነጠላ የት እንደሚጀምር አይለይም። ሰው ሁሉ በእንቅልፉ የሚያወራ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። «አብሽሪ» ይላሉ። «እግዜር ሌላ ይተካልሽ» ይላሉ። እሷ «አሜን» እያለች ለመጣው ሁሉ መቀመጫ ትፈልጋለች።

አማቷ እትዬ በዛች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላሉ። «አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሠርግ እንደ ደገሰ ሰው ስታስተናግድ ነው ያደረችው። ፈርቻለሁ ልጄ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው።

እኔ ሙሾ አውራጅ ነኝ። ከዚህ እስከ ወግዲ ያለ ለቅሶ ያለ እኔ አይሞቅም ይሉኛል፤ ምን ላድርግ፣ አፌ አያርፍም። ባለ ጠመንጃውን በጠመንጃው፣ ባለ በሬውን በበሬው፣ ለጋሷን በሌማቷ አነሳለሁ። ሟቹ ምንም ሙያ ካጣ አጎቱን ፈልጌ በአጎቱ አሞግሰዋለሁ። ለሕፃን ግን በእኛ አገር ሙሾ አይወርድም። ቄስ አጥናፉም ትናንት ከቀብሩ ስንመለስ ወደ እኔ ዞረው «በለጡ፣ መልአክ ነው የሸኘነው፤ አፍሽን ያዢ» አሉኝ። ያዝኩ። ቢፈቅዱልኝስ ምን እላለሁ? አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ምን ሙያ አላት?

የትምወርቅ ሰሃኑን ልትወስድ ተመልሳ ትመጣለች። ወስዳውም አትሄድም፤ ጭኗ ላይ አድርጋው አጠገቤ ቁጢጥ ትላለች። አብረን ውሃ የቀዳን፣ በአንድ ሰሞን የተዳርን ጓደኛሞች ነን። ዝምታዋን ከሌላው ሰው ዝምታ እለየዋለሁ፤ የሆነ ነገር ልትል ነው።

«ለሰው ሁሉ አልቅሰሻል» ትለኛለች ቀስ ብላ። «ለአራጌ እንኳ አልቅሰሻል። ለዚያ የበግ ሌባ።»

«አዎ፣ አልቅሻለሁ።»

«የኔዋ ምን አጠፋች?»

እትዬ በዛች ሰምተው ኖሮ «ኧረ ተይ ልጄ፣ የነፍስ አባትሽ ምን ይላሉ» ይላሉ። የትምወርቅ ዓይኗን ከእኔ አታነሳም። ቄስ አጥናፉን ነገ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናቸዋለሁ። ጓደኛዬን ግን ዛሬ ካላገኘኋት ነገ አላገኛትም።

«ሙያዋን ንገሪኝ» እላታለሁ።

«የምን ሙያ? ሕፃን እኮ ናት።»

«ግድ የለም። ጧት ስትነሳ ምን ትሠራ ነበር?»

ታስባለች። ከሩቅ፣ ከጉሙ ወዲያ የሆነ ነገር የምታይ ትመስላለች። «ገብስ ሳሰጣ ዶሮ ትጠብቅልኛለች። ዘንግ ይዛ። ከእሷ የሚረዝም ዘንግ።» የከንፈሯ ዳር ይንቀሳቀሳል። «ዶሮ ከሚበላው እሷ የምትረግጠው ይበልጣል።»

«ሌላስ?»

«ባጃጅ ሲመጣ ከሰማች ሮጣ ትወጣለች። ደጅ ቆማ እጇን ከፍ ታደርጋለች። ሹፌሮቹ ሁሉ ያውቋታል፤ ክላክስ ሳያደርጉላት አያልፉም። ቢረሷት ማን አባብሎ ያስገባታል! ቁጣዋን ታውቂው የለ።»

አውቀዋለሁ። እኔም አንድ ቀን ሰላም ሳልላት አልፌ ዘንጉን ቀምሻለሁ። ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ድምፄ ለሌላ ሰው ከሚወጣው ቀጥኖ ይወጣል።

«ተደፈረ ገብሱ፣ ዶሮ ሰፈረበት፣
ዘንግ የያዘች ጀግና ጠባቂ ሞታበት።»

ነጫጮቹ ነጠላዎች ይነቃነቃሉ። እትዬ በዛች ሊከለክሉኝ እጃቸውን ያነሳሉ፤ እጃቸው ግን እኔ ጋ ሳይደርስ ተመልሶ የራሳቸውን ደረት ይመታል። «ወይኔ ልጄን!» ይላሉ። ሴቶቹ ይቀበሏቸዋል። የትምወርቅ ፍዝዝ ብላ አፌን ታያለች፤ ስለ ልጇ ሌላ ምን እንደምል ትጠብቃለች።

«የመንገዱ ሹፌር እጅ የሚነሳላት፣
ዛሬ ደጃፏ ላይ ማን ወጥቶ ይቁምላት?»

ባጃጁ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። አይታይም። ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ድምፁ ብቻ በጉሙ ውስጥ ይሰማል። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ደጁ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ክላክስ ያደርጋል። ሹፌሩ መርዶውን አልሰማ ይሆናል።

ደግሞ ክላክስ ያደርጋል። ይጠብቃል።

የትምወርቅ ትነሳለች። ሰሃኑ ከጭኗ ወድቆ የተረፈው ንፍሮ ይበተናል። በሴቶቹ መሃል እየተራመደች ትወጣለች፤ እኔም ከኋላዋ። ሉሊት የምትቆምበት ድንጋይ አጠገብ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ እጇን ከፍ ታደርጋለች።

ሰማያዊው ባጃጅ ከጉሙ ብቅ ብሎ፣ አንዴ ጮኾ፣ ተመልሶ ይጠፋል።

«ሉሊትዬ» ትላለች። ከዚያ ታለቅሳለች፤ አገር እስኪሰማ ታለቅሳለች። እጇን ግን አታወርድም። ክንዷ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከሥሩ ገብቼ በትከሻዬ እደግፈዋለሁ።